አሥራ ሦስተኛው የጎደለበት ድንጋይ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አታድክሙኝ። እኔም የሰማሁት ከሰማ ሰው ነው፤ እሱም ሲነግረኝ እንደ እኔው ግራ የተጋባ ሰው ነበር። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ማን ደግ ማን ክፉ እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አልለየልኝም። እናንተ ከለየላችሁ ንገሩኝ።

ሁለት አገሮች ነበሩ፤ የላይኛው አገርና የታችኛው አገር። የላይኛው አገር ንጉሥ ጦሩን አስከትቶ ወደ ታችኛው አገር ወረደ። በአንድ በጋ መቶ ሺህ ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ እየታሰረ ተነዳ። ንጉሡ ድል አድርጎ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲመለስ ግን እህል አልወርድ አለው። በዚያ ዘመን ዝምተኛው መምህር የሚባል ሰው ከሞተ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። ተከታዮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ብጫ ጨርቅ ለብሰው በየደጁ እየለመኑ የሚዞሩ፣ ማንም ጆሮ የማይሰጣቸው ሰዎች። ትምህርታቸውም አጭር ነው፦ አትግደል፣ አትዋሽ፣ ከመናገርህ በፊት ዝም በል። ንጉሡ አንዱን አስጠርቶ አዳመጠና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የለማኞች ትምህርት የንጉሥ ትምህርት ሆነ።

ንጉሥ የያዘው ነገር መቼም በዝግታ አይሄድም። ለብጫ ለባሾቹ ቤት ተሠራላቸው፤ ብጫ ለባሽን በመንገድ ያስቆመ ይቀጣል ተባለ። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ሳይቀሩ ጋሻቸውን እየጣሉ ብጫ ለበሱ። ንጉሡ አሥራ አራት ቃል አወጣና በድንጋይ ተቀርጾ በየመንደሩ እንዲተከል አዘዘ። በየግማሽ ቀን መንገድ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈር፣ በመንገድ ዳር ዋርካ ይተከል፣ ለሰውም ለከብትም መድኃኒት ይዘጋጅ አለ። እውነቱን ልናገርና ውሃው ጥሩ ውሃ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ንጉሡን ለማማት የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ታችኛው አገር እንውረድ። እዚያ ጉርባ የምትባል መንደር አለች። ጉርባዎች አንድ ልማድ አላቸው። ሰው ተገድሎ ከሞተ የቤቱ በር አይዘጋም። ገዳዩ ከደጃፉ ቆሞ «የገደልኩት እኔ ነኝ» እስኪል ድረስ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ይኖራል። ካሳ አይጠይቁም፣ ደም አይመልሱም፤ የሚፈልጉት ያን ቃል ብቻ ነው። ገዳዩ ቢታመም ወይም ቢያረጅ የላከው ሰው ይናገርለታል። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ለተናገረው ሰው ውሃ ይሰጡታል፣ ይሄዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሐዘኑም ያበቃል። እስከዚያው ግን ከዚያ ቤት ሙሽራ አይወጣም፣ ክዳኑ አይታደስም፣ ሴቲቱም ጸጉሯን ቅቤ አትቀባም።

በደህናው ጊዜ በመንደሩ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት በር ነበር ተከፍቶ የሚቆየው። ገዳዩም የመንደሩ ሰው ነው፣ የት ይሄዳል፤ ወር ሳይሞላው መጥቶ ይናገራል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሁለት መቶ ስድስት በር ተከፍቶ ቀረ። ገዳዩ ማን ይባል? ጦር ነው የገደለው። ስምንት ዓመት ሙሉ ፍየል እንደልቧ ገብታ ጥሬ በላች፤ ዝናብ ገባ፤ እባብ ምድጃ ዳር ተጠመጠመ። በሩን ገፋ ያደረገ ሰው ግን አልነበረም።

ከነዚህ በሮች አንዱ የአንጓች ነው። ባሏ ከልካይ በዚያ ጦርነት ሞቷል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ውዴ የምትባል። ውዴን የማዶ ሰፈር ሸማኔ ልጅ ጌጡ አጭቷት ሦስት ዓመት ጠብቋል። የጌጡ ቤተሰቦች ደጎች ነበሩ፤ ግን ደግ ሰውም ይሰለቸዋል። ሽማግሌ ልከው እስከ መኸር እንጠብቃለን፣ ከዚያ ወዲያ ልጃችንን ሌላ ቦታ እንድራለን አሉ። አንጓች ምን ትበል? በሩ ክፍት ነው።

ድንጋዩ ጉርባ የደረሰው በዚያው ዓመት ነው። ይዞት የመጣው የርኅራኄ ሹም ይባላል፤ ስሙ ደርሰህ ነው። ለከብት ይታዘን ስለተባለ ድንጋዩን በሬ አልጎተተውም፤ አርባ ሰው ተሸክሞት መጣ። የሁለቱ ሰዎች እግር ተቀጥቅጦ ነበር። ደርሰህ ከፊት ከፊት ጉንዳን እንዳይረገጥ መንገዱን በመጥረጊያ እየጠረገ ይሄዳል። ፍጥረት ሁሉ ይከበር ስለተባለ ደግሞ አህያውን አንቱ ይለዋል። «እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ሲለው ጉርባዎች በጆሯቸው ሰምተዋል። ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። ሰውዬው የምሩን ነበራ።

ድንጋዩ ከገበያው መሐል ተተከለ፤ ደርሰህም በየገበያው ቀን ያነብላቸው ጀመር። አንደኛው ጉንዳን አይረገጥ፣ ሁለተኛው ጃርትና የሌሊት ወፍ አይገደሉ፣ ሦስተኛው እናትና አባት ይከበሩ፣ አራተኛው ሰሚን የሚያሳዝን ቃል አይነገር፤ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ሁለተኛው ያነብና አሥራ አራተኛው ይላል። ጉርባዎች መቁጠር ያውቃሉ። አሥራ ሦስተኛው የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ደርሰህ ጉሮሮውን ጠራረገና እሱ እናንተን አይመለከትም አላቸው።

ይሄኔ መንደሩ ታመሰ። ያልተነገረ ትእዛዝ ከሁሉ የከበደው መሆን አለበት አሉ፤ ሳናውቅ እያጠፋን ቢሆንስ? አንዱ ማፏጨት ነው የተከለከለው አለና ማፏጨት አቆመ። ሌላው ሽንኩርት መብላት ነው አለ። ራስን ወደ ምሥራቅ አድርጎ መተኛት ነው ብላ ቤተሰቧን በሙሉ ያዞረች ሴት ነበረች። በመጨረሻ የመንደሩ ልማድ አዋቂ አያ ቸኮል ተጠየቁ። አያ ቸኮል እንደ ስማቸው አይደሉም፤ ሳምንት አስበው ሲያበቁ እስኪጣራ ድረስ ወር በገባ በአሥራ ሦስት ማንም ምንም እንዳይሠራ ብለው ወሰኑ። ያን ቀን እሳት እንኳ ሳይነድድ ይዋላል። ደርሰህ በጣም ደስ አለውና የጉርባ ሰው ያልታዘዘውንም ይፈጽማል ብሎ ለንጉሡ ጻፈ።

ነገሩ የተገለጠው በአንዲት መርፌ ሻጭ ነው። ከላይኛው አገር የመጣች፣ ፊቷ ደስ የሚል ሴት ናት። በገበያ ቀን ደርሰህ ሲያነብ ቆማ ታዳምጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አይኗ እንባ ግጥም አለ፤ ወዲያው በቃሏ ቀጠለች። «አሥራ ሦስተኛው። እኔ ንጉሡ በታችኛው አገር መቶ ሺህ ሰው ገድያለሁ። የቀረውን ማርኬ ወስጃለሁ። በዚህም አዝኛለሁ፤ ሐዘኔም ከባድ ነው።» ደርሰህ ማንበቡን አቆመ። ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ አገሯ ውስጥ በየገበያው ቀን ይህን ሲሰሙ ሁሉም እንደሚያለቅስ፣ በዚህ ቃል የተነሳ ሰዉ ሁሉ የዝምተኛውን መምህር ትምህርት እንደያዘ ነገረቻቸው። ታችኛው አገር የሚባለው ግን በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም አለች። ከዚያ መርፌዋን መሸጥ ቀጠለች።

አንጓች በሩጫ አያ ቸኮል ዘንድ ሄደች። ይህ ቃል በደጃችን ቢነገር በሩ ይዘጋል ወይ አለች። አያ ቸኮል በዚህስ ብዙም አላሰቡ። ንጉሡ የላከው ሰው ከተናገረው ይዘጋል አሉ፤ መርፌ ሻጯ ግን የተላከችው መርፌ ለመሸጥ ነው። ስለዚህ አንጓች ወደ ደርሰህ ሄደች።

ደርሰህ ቆሞ ተቀበላት፣ ወንበር ሰጣት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። «ጌታዬ፣ አሥራ ሦስተኛውን በደጃችን ያንብቡልን» አለችው። «ልጄ ሳትዳር ቤት ቀርታለች። መኸር ደርሷል።»

«እመት አንጓች፣ ንጉሡ እርስዎን ማስከፋት አይፈልጉም» አላት። «ቃሉ እዚህ ከተነበበ ቁስል ይነካል። አራተኛው ቃል ደግሞ ሰሚን የሚያሳዝን ነገር አይነገር ይላል። ለዚህ ነው በታችኛው አገር እንዳይነበብ የታዘዘው። ለእናንተው ታስቦ ነው።»

አንጓች ሌላው አገር ሁሉ ሲሰማው እኛ ብቻ ለምን እንከለከላለን ብላ ጠየቀች። ደርሰህ እነሱ ሟች የለባቸውምና ሲሰሙት አይጎዱም አላት። ይሄን ሲል አይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለሐዘን የሚጠጣ ሥር ሰጣት። ከፈለጋችሁም ወታደር አስመጥቼ በሮቹን ሁሉ በአንድ ቀን ላስዘጋላችሁ እችላለሁ አለ። አንጓች ሥሩን ተቀብላ አመስግና ወጣች። ከዚያ ስንቋን ቋጥራ ልጇን ለጎረቤት አደራ ብላ ወደ ላይኛው አገር መንገድ ጀመረች።

ሦስት ሳምንት ሄደች። መንገዱ ዳር ዋርካው ጥላ ሆኗል፣ ጉድጓዱ ሁሉ ውሃ አለው፤ እግሯ ሲያብጥ በንጉሡ መድኃኒት ቤት ቅባት ሰጧት። ይህን ሰውዬ ልመርቀው ወይስ ልርገመው እያለች ነው የሄደችው። እኔ ብሆን ኖሮስ? እንጃ።

የላይኛው አገር ከተማ ስትገባ ድንጋዩ ቅቤ ተቀብቶ፣ አበባ ተደርጎበት አገኘችው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። አንባቢው አባ ድንበሩ የሚባል ብጫ ለባሽ ነው፤ ለዚያ ድንጋይ አንባቢ አድርጎ የሾመው ራሱ ንጉሡ ነው። አሥራ ሦስተኛውን ሲያነብ ሕዝቡ አለቀሰ፤ አልቅሶም ቀለል ብሎት እየተቃቀፈ ተሳሳመ። አንጓች አላለቀሰችም። እኔ ከታችኛው አገር ነኝ አለች። አጠገቧ የነበሩት ሰዎች በትሕትና አረሟት፤ ድንጋዩ የሚለው መቶ ሺህ ሞተ፣ የቀረው ተማረከ ነው፤ እዚያ የቀረ ሰው የለም አሏት። አይ ከጉርባ ነው የመጣሁት ብትልም ምናልባት መንገድ ጠፍቶሽ ይሆናል ብለው አዘኑላትና ዳቦ ሰጧት።

ሕዝቡ ሲበተን ወደ አባ ድንበሩ ቀረበች። «አባ፣ ይህን ቃል እኔ ደጅ መጥተው ይበሉልኝ» አለችው። ልማዱን፣ በሮቹን፣ ልጇን ነገረችው። ጉርባ የሚለውን ስም ሲሰማ የአባ ድንበሩ ፊት አመድ መሰለ። ሦስት ቀን ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ትምህርታቸው እንደዚያ ነው። በአራተኛው ቀን ዘንጉን ይዞ ተነሳና እንሂድ አላት።

ጉርባ ሲደርሱ ደርሰህ ከመንደሩ መግቢያ ቆሞ ጠበቃቸው። ምስኪን፣ እሱም ግራ ገብቶታል። በአንድ እጁ ብጫ ለባሽን ያስቆመ ይቀጣል የሚል ትእዛዝ አለው፤ በሌላው አሥራ ሦስተኛው በታችኛው አገር አይነበብ የሚል። ማስቆም አይችል፣ ማሳለፍ አይችል። ሁለቱን ትእዛዝ ጮክ ብሎ እያነበበ ከጎኑ ከጎኑ ሄደ። አባ ድንበሩ መሐል ገበያው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሴቶቹ በየደጃቸው ወጥተው ቆመዋል፤ በሩን ለመዝጋት እጃቸውን አዘጋጅተዋል።

«አላነብም» አለ አባ ድንበሩ። «እንዳላነብ ታዝዣለሁ። የራሴን ግን ልናገር። ብጫ ከመልበሴ በፊት የንጉሡ ወታደር ነበርኩ። እዚህ መንደር ሦስት ሰው ገድያለሁ። ማንን እንደሆነ አላውቅም። ፊታቸውን አላየሁም።»

ደርሰህ የትእዛዝ ጥቅሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ ስለዚህ ነገር የሚናገር ትእዛዝ አላገኘም።

እንግዲህ ልማድ አዋቂ ከሆናችሁ ይሄን ፍረዱ። ቃሉ ተነግሯል፣ የተናገረውም ራሱ ገዳዩ ነው። በሩ ግን ሁለት መቶ ስድስት ነው፤ የገደላቸው ሦስት ናቸው። የትኞቹ ሦስት? አንዳንዱ ዕጣ ይጣል አለ። አንዳንዱ ለደከመችው ለአንጓች አንዱ ይሰጣት አለ። አንጓች ራሷ ይሄን አልቀበል አለች፤ የሌላ ሴት ባል ገዳይ ከሆነ የእኔን በር በውሸት ልዘጋ ነው ወይ አለች። አንዷ መበለት ለአባ ድንበሩ በሁሉም ደጅ ቆመው ገደልኩ ቢሉን ምን ይጎድልብዎታል ብላ ለመነችው። አባ ድንበሩ መዋሸት አልችልም አለ።

አያ ቸኮል አራት ቀን አሰቡ። ሰው አጠገባቸው እንዳይደርስ ተከለከለ። በአምስተኛው ቀን ሰውየውን አስጠሩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «በእያንዳንዱ ደጅ ምናልባት እኔ ነኝ ብትል ውሸት ነው?»

«አይደለም» አለ አባ ድንበሩ። «እውነት ነው።»

አያ ቸኮልም ፈረዱ። እኔ ነኝ የተባለበት በር ይዘጋል፤ ምናልባት የተባለበት ግን ገርበብ ይደረግ። ገርበብ ባለ በር ሙሽራ ይውጣ፣ ክዳኑ ይታደስ፤ ሴቲቱም ጸጉሯን በአንድ ወገን ቅቤ ትቀባ። እንዲህ ያለ ፍርድ በጉርባ ተሰምቶ አያውቅም። ያጉረመረመ ነበር፣ ያለቀሰ ነበር፤ የተሻለ ያመጣ ግን አልነበረም።

አባ ድንበሩ ከዳር ጀመረ። በየደጁ ይቆማል፤ የሟቹን ስም ይጠይቃል፤ ስሙን ጠርቶ ምናልባት የገደልኩት እኔ ነኝ ይላል፤ ውሃ ይሰጡታል፣ ይጠጣል፤ በሩ ገርበብ ይላል። ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ሦስት ሰው የገደለ ሰው ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ተናገረ። በአምስተኛው ቀን ድምፁ ተዘጋ፤ በሰባተኛው ሰው ደግፎት ነበር የሚሄደው። በሁሉም ቤት ውሃ ይሰጡታል፣ አልጠጣም ማለት አይችልም፤ ሆዱ እንደ አቁማዳ ተነፋ። በአንዱ ደጅ ሲቆም አንዲት አሮጊት በሩን ገርበብ ካደረገች በኋላ እሱንም ቤቷ አስገብታ ጎኑን አሳረፈችው።

ደርሰህ ይሄን ሁሉ ተከትሎ ሲያይ ከረመና የዝምተኛው መምህር ትምህርት በጉርባ ሥር ሰደደ ብሎ ለንጉሡ ጻፈ። የሚገርመው አልዋሸም። ድንጋዩ ዓመቱን ሙሉ ሲነበብ ያልሰማው ሰው አሁን አባ ድንበሩን መምህርህ ምን አስተማረህ ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤ እሱም ቀስ እያለ ነገራቸው። ከዓመት በኋላ የጉርባ ግማሹ ብጫ ይለብስ ነበር። በሮቹ ለምን ገርበብ እንዳሉ ግን ደርሰህ ለንጉሡ የጻፈው ሌላ ነው፤ የንጉሡ ርኅራኄ እንዲገባ ነው አለ። ንጉሡ ተደስቶ ለመንደሩ ሁለተኛ ድንጋይ ላከ። ምን ላድርግ እናንተው? ንጉሡ ባይኖር አባ ድንበሩ ብጫ አይለብስም፣ በጉርባ ደጆችም አይቆምም ነበር። ንጉሡ ባይኖር ደግሞ ከልካይ አይሞትም ነበር። ይሄን ሳወጣ ሳወርድ አረጀሁ።

የአንጓች ቤት በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው ነበር። አባ ድንበሩ ከደጃፉ ቆመ። «ከልካይን የገደልኩት ምናልባት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ስላልወጣ ከንፈሩን አይታ ነው የሰማችው። ውሃ ሰጠችው። ከዚያ ስምንት ዓመት ያልነካችውን በር ያዘችና ገፋችው፤ ማጠፊያው ዝጎ ጮኸ። ግማሽ ላይ ስትደርስ አቆመች።

መኸር ሳይጠናቀቅ የጌጡ ቤተሰቦች መጡ። ዘፋኞቹ የሠርግ ይዝፈኑ ወይስ የሐዘን ያንጎራጉሩ ግራ ገብቷቸው ከዚህም ከዚያም ሞከሩ። ደርሰህ ለሙሽራዋ በቅሎ እጅ ነሳ። ውዴ ከጓዳ ወጥታ ከበሩ ስትደርስ ቀሚሷ ሰፊ ነበርና አላሳልፍ አላት። አንጓች በሩን ልትከፍትላት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ አባ ድንበሩ «ምናልባት» እንዳላት ትዝ አላትና እጇን መለሰች።

«በጎንሽ ውጪ፣ ልጄ» አለቻት።

ውዴ ቀሚሷን ሰበሰበችና በጎኗ ወጣች።